የፖም ትልን በነፍሳት ቫይረስ የመቆጣጠር የአሠራር መመሪያ

ፖም ሲገመስ ከዘሩ አጠገብ የሚገኘው ትል ሲዲያ ፖሞኔላ የተባለች የእሳት ራት እጭ ነው። ይህችን የእሳት ራትና ጥቂት የቅርብ ዘመዶቿን ብቻ ነጥሎ የሚያጠቃ ግራኑሎቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1963 በሜክሲኮ ቺዋዋ ግዛት ከታመሙ እጮች ተገኝቶ፣ በቀጣዩ ዓመት በነፍሳት በሽታ ተመራማሪው ዮሺኖሪ ታናዳ ለሳይንሱ ዓለም ቀርቧል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በጠርሙስ ታሽጎ የሚሸጥ ፀረ ተባይ ሆኗል። ይህ መመሪያ ምርቱን ገዝቶ ፖም ወይም ፒር በሚያለማበት ማሳ ላይ ሊረጭ ላሰበ ሰው የተዘጋጀ ነው። የኬሚካል ርጭት የለመደ ሰው በዚያው ልማድ ቢቀጥል ገንዘቡን በከንቱ ሊያፈስ ስለሚችል፣ ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ቫይረሱ የሚገድልበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቫይረሱ እንዴት ይሠራል?

ቫይረሱ በመንካት አይገድልም፤ መበላት አለበት። እያንዳንዱ ቅንጣት በፕሮቲን ቅርፊት ተሸፍኖ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊሜትር ለሁለት ሺህ ቢከፈል የአንዱን ክፍል ያህል ገደማ ነው። እጩ የፍሬውን ልጣጭ ወይም ቅጠሉን ሲቆረጥም ቅንጣቱ አብሮ ወደ ሆዱ ይገባል። የእጩ አንጀት እንደ ሰው ጨጓራ አሲዳማ ሳይሆን ጠንካራ አልካላይን በመሆኑ፣ ቅርፊቱ እዚያ ሟሙቶ ቫይረሱን ይለቃል፤ ቫይረሱም በአንጀቱ ግድግዳ አልፎ በመላ ሰውነቱ ይራባል። እጩ ወዲያውኑ አይሞትም፤ እንደ ሙቀቱና እንደ ዕድሜው በተወሰኑ ቀናት ውስጥ መብላት እያቆመ ይሄዳል፣ ከዚያም ይሞታል። በመጠኑ አድጎ የሞተ እጭ ሰውነቱ ያብጣል፣ ወተት የመሰለ ነጣ ያለ ቀለም ይይዛል፤ በጣት ጫፍ ቢነካ ቆዳው በቀላሉ ይቀደድና ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል።

አዲስ ለተፈለፈለ እጭ ጥቂት ቅንጣቶች፣ አንዳንዴም አንዲት ብቻ፣ ለሞት ይበቃሉ። እጩ ባደገ ቁጥር ግን የሚያስፈልገው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላም በልጣጩ ላይ የተረጨውን ቫይረስ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ከእንቁላሉ ወጥቶ ፍሬ እስኪቦረቡር ያለው ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቀን አይበልጥም። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው ሥራ ሁሉ አንድ ዓላማ ብቻ አለው፦ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ እጩ በሚቆረጥመው ቦታ ላይ ያልሞተ ቫይረስ ማስቀመጥ።

አንዳንድ የነፍሳት ቫይረሶች አንድ ጊዜ ከተለቀቁ በኋላ ራሳቸውን እያዛመቱ ለዓመታት ይቆያሉ። የኮኮናት ዘንባባን የሚያወድመውን አውራሪስ መሰል ጥንዚዛ ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1967 በሳሞአ የተለቀቀው ቫይረስ የዚህ ዓይነት ነበር። የፖም ትል ቫይረስ ግን እንደዚያ እንዲሆን አይጠበቅም፤ የታመመው እጭ ፍሬው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚሞት ከሬሳው የሚወጣው ቫይረስ ለሌሎች እጮች እምብዛም አይደርስም። ቫይረሱን እንደ ማንኛውም ፀረ ተባይ በየወቅቱ እየደጋገሙ መርጨት ግድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

1. ተባዩን በትክክል ይለዩ

ቫይረሱ የሚገድላቸው ነፍሳት በጣም ጥቂት ናቸው። ክሽክሽን፣ ምስጥን፣ የፍራፍሬ ዝንብንም ሆነ ቅጠል ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ሸረሪት መሰል ተባዮችን አይነካም። በመሆኑም ከመግዛትዎ በፊት የተጎዱ ፍሬዎችን ሰብስበው በቢላ ይክፈሏቸው። የፖም ትል ያጠቃው ፍሬ ከልጣጩ ወደ ዘሩ ክፍል የሚዘልቅ መተላለፊያ ይኖረዋል፤ ትሉ ዘሩንም ይበላል፣ በመግቢያው ቀዳዳ ላይም ቡናማ ዱቄት የመሰለ እዳሪ ተከማችቶ ይታያል። እጩ ሮዝነት ያለው ነጭ ሆኖ ቡናማ ራስና ከራሱ ሥር ሦስት ጥንድ እውነተኛ እግሮች አሉት። እግር የሌለውና ራሱ የማይለይ ነጭ ትል ካገኙ የዝንብ ልጅ ነውና ይህ ቫይረስ አይጠቅምዎትም።

ለሌሎች የፍራፍሬ ተባዮች የተዘጋጁ ቫይረሶችም አሉ። ቅጠል እየጠቀለለች የፍሬ ልጣጭ ለምትግጠው አዶክሶፊየስ ኦራና ለተባለች የእሳት ራትና ብርቱካንና አቮካዶን ለምታጠቃው ታውማቶቲቢያ ሊውኮትሬታ የየራሳቸው ግራኑሎቫይረስ በገበያ ላይ ይገኛል። የአንዱን ለሌላው መርጨት ግን ዋጋ የለውም፤ ጥቅሉ ላይ የተባዩ ስም በግልጽ ካልተጻፈ አይግዙት።

2. ከግዥ እስከ ርጭት ያለው አያያዝ

የገዙት ሕይወት መሰል ነገር መሆኑን አይርሱ። ጠርሙሱን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በማቀዝቀዣ ያስቀምጡ፤ በዚህ ሁኔታ አብዛኞቹ ምርቶች ጥቅሉ ላይ እስከ ተጻፈው ቀን ድረስ ኃይላቸውን ይጠብቃሉ። በክፍል ሙቀት የሚቆዩበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ጠርሙስ ደግሞ መልኩም ሽታውም ሳይለወጥ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ከተራ መደርደሪያ ላይ አንስቶ ቢሰጥዎት፣ ዕቃው መቼ እንደገባና እስካሁን የት እንደቆየ መጠየቅ አያሳፍርም።

የታመሙ እጮችን ለቅሞ፣ ፈጭቶና አጥልሎ በራስ እጅ የማዘጋጀት ሐሳብ ለብዙዎች ይመጣል። አልመክረውም። በበሰበሰ እጭ ውስጥ ምን ዓይነት ባክቴሪያ እንዳለ በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ የቫይረሱ መጠንም አይታወቅም፤ የሚረጨው ደግሞ ሰው በሚበላው ፍሬ ላይ ነው። በብዙ አገሮችም ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መርጨት በሕግ ያስጠይቃል።

3. የመጀመሪያውን ርጭት ቀን ያስሉ

ከሥራው ሁሉ ብዙ ትኩረት የሚፈልገው ይህ ነው። ቀን መቁጠሪያ አይቶ መርጨት፣ ወይም ጎረቤት ሲረጭ አይቶ መርጨት፣ ለኬሚካል እንኳ ደካማ ዘዴ ሲሆን ለቫይረስ ግን ፈጽሞ አይሆንም።

አበባ ከመከፈቱ በፊት የፌሮሞን ወጥመዶችን በዛፉ የላይኛው ሢሶ ላይ ይስቀሉ። በወጥመዱ ውስጥ የሚቀመጠው ማባበያ የሴቷን ሽታ አስመስሎ የተሠራ ስለሆነ የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ነው። ወጥመዱን በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይቁጠሩ። አንድ ወንድ ብቻ ተይዞ ከዚያ ለቀናት ምንም ካልመጣ እንደ መነሻ አይውሰዱት፤ በተከታታይ መያዝ የጀመረበትን ቀን ግን በማስታወሻዎ ይጻፉ። የሙቀት ሒሳቡ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

ነፍሳት የሚያድጉት በቀን ብዛት ሳይሆን በሚያገኙት ሙቀት ነው። ለፖም ትል ዕድገት የሚቆምበት ዝቅተኛ ሙቀት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተደርጎ ይወሰዳል። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፣ ከውጤቱም 10 ይቀንሱ። ለምሳሌ ከፍተኛው 24፣ ዝቅተኛው 12 ከሆነ አማካዩ 18 ነው፤ ስለዚህ ዕለቱ 8 ዲግሪ-ቀን አስመዝግቧል ማለት ነው። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ ብለው ይያዙት። ይህን በየቀኑ እየደመሩ ሲሄዱ ድምሩ ወደ 140 ዲግሪ-ቀን ሲቃረብ የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች መፈልፈል ይጀምራሉ፤ በምሳሌው ሙቀት ከሄደ ይህ አሥራ ሰባት ወይም አሥራ ስምንት ቀን ይፈጃል፤ አየሩ ከቀዘቀዘ ግን ከዚያ በእጅጉ ሊዘገይ ይችላል። የመጀመሪያው ርጭት እዚህ ቁጥር ላይ ከመድረስዎ ጥቂት ቀደም ብሎ መከናወን አለበት።

ሒሳቡን በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል፣ የማጉያ መነጽር ብቻ ይበቃል። ሴቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ ፍሬው ላይ ወይም ከፍሬው አጠገብ ባለ ቅጠል ላይ ትጥላለች። እንቁላሉ የመርፌ ራስ የሚያህል፣ ጠፍጣፋና እንደ ሰም ጠብታ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዘንብለው ካላዩት ያመልጥዎታል። ትኩስ ሲሆን ጥርት ያለ ነው፤ ትንሽ ሲቆይ በውስጡ ቀይ ቀለበት ይታያል፤ መፈልፈያው ሲደርስ ደግሞ የእጩ ጥቁር ራስ በቅርፊቱ ውስጥ እንደ ነጥብ ጎልቶ ይወጣል። ቀይ ቀለበት ያላቸው እንቁላሎች ካዩ መርጫዎን ያዘጋጁ፤ ጥቁር ነጥብ ካዩ ግን ለነገ አይበሉ።

4. የሚረጨውን ማዘጋጀት

ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው መጠን እንደ ምርቱ ይለያያል፤ ለፖም ትል የሚሸጡት በአንድ ርጭት በሄክታር ከ1 ትሪሊዮን እስከ 10 ትሪሊዮን ቅንጣት ባለው ክልል ውስጥ ይወድቃሉ። ቁጥሩ ቢያስደነግጥም በሚሊሊትር ሲለካ ትንሽ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ 10 ትሪሊዮን ቅንጣት ከያዘና መመሪያው ለሄክታር 3 ትሪሊዮን ካዘዘ የሚያስፈልግዎ 300 ሚሊሊትር ነው፤ ይህ በ1,000 ሊትር ውኃ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሚሊሊትር ውኃ ውስጥ 3 ሚሊዮን ቅንጣት ይገኛል። የአንዱን ምርት መጠን ለሌላው አያውሉ፤ ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ከዚህ ጽሑፍ የሚለይ ከሆነም የሚታዘዘው ጥቅሉ ነው።

በመጀመሪያ የመርጫውን ታንከር ከቀድሞ ኬሚካል ቅሪት በደንብ ያጽዱ። ከዚያ የውኃውን ፒኤች (አሲዳማ ወይም አልካላይን የመሆኑን ልክ) በመለኪያ ወረቀት ይመልከቱ። ውኃው ከገለልተኛው 7 ብዙ ያልራቀ መሆን አለበት፤ ፒኤቹ ወደ 9 ከተጠጋ የእጩ አንጀት ሊሠራው የሚገባውን ውኃው ታንከር ውስጥ መሥራት ይጀምራል፣ ቅርፊቱ ይሟሟና ቫይረሱ ቅጠል ላይ ሳይደርስ ይጠፋል። ኖራ ያለባቸውን ድብልቆች፣ ማለትም የቦርዶ ድብልቅንና የኖራ ሰልፈርን፣ ከቫይረስ ጋር በአንድ ታንከር አለማዋሐድ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ክሎሪን የበዛበትን የቧንቧ ውኃ ቢቻል ክፍት በርሜል ውስጥ አሳድረው ይጠቀሙበት።

ታንከሩን እስከ ግማሽ በውኃ ይሙሉ። ቅንጣቶቹ ከጠርሙሱ ሥር ስለሚዘቅጡ ጠርሙሱን በኃይል ይናጡት፤ የሚለካውን መጠን በትንሽ ባልዲ ውኃ በጥብጠው ወደ ታንከሩ ይጨምሩ፣ እያማሰሉም ቀሪውን ውኃ ይሙሉ። ቅንጣቶቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ የመርጫው ወንፊት አያስቀራቸውም። ስቡ የወጣለት የዱቄት ወተት ወይም ስኳር መጨመር የተለመደ ነው፤ ወተቱ የፀሐይን ጨረር በመጠኑ ይከላከላል፣ ስኳሩ ደግሞ እጩ ልጣጩን በብዛት እንዲቀምስ ያደርጋል ተብሎ ነው። ውጤታቸው ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ እንደ ግዴታ አልቆጥራቸውም፤ ስኳር በፍሬው ላይ ጥቁር ሻጋታ ሊያመጣ እንደሚችልም ማሰብ ይገባል። የተበጠበጠውን በዚያው ቀን ጨርሱት፤ ማሳደር አይቻልም።

5. አረጫጨት

የቫይረሱ ትልቁ ጠላት የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ስለዚህ ረፋድ ላይ ሳይሆን ወደ ማምሻው ወይም ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ሰዓት፣ ነፋስ በሌለበት ይርጩ። ማምሻውን የተረጨ ቫይረስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሌሊት በሙሉ ኃይሉ ፍሬው ላይ ያድራል።

እጩ ከቅጠል ወደ ፍሬ የሚሄድበት መንገድ አጭር በመሆኑ፣ ያልተረጨ አንድ የፍሬ ጎን ለእርሱ ሰፊ በር ነው። ፍሬውና በዙሪያው ያለው ቅጠል በሁሉም ጎን በቀጭን ጠብታ መሸፈን አለበት፤ ነገር ግን ውኃው ከቅጠሉ ጫፍ እስኪንጠባጠብ መርጨት ቫይረሱን ወደ መሬት መድፋት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው የዛፉን አናት ነው፤ ሴቷ እንቁላሏን በብዛት የምትጥለው ግን እዚያ ነው። በጀርባ የሚታዘል መርጫ የሚጠቀሙ ከሆነ እንጨት ወይም ቧንቧ ቀጥለው ኖዝሉን ከአናቱ በላይ ያድርሱ። ሽፋኑን ለመፈተን ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር ወረቀት በአናቱ፣ በመካከሉና በውስጠኛው ቅርንጫፍ ላይ አያይዘው በንጹሕ ውኃ ይርጩና ያወዳድሩ። ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ በማንኛውም መርጫ አይሸፈንም፤ ገረዛና ፍሬ ማሳሳት የዚህ ሥራ አካል የሚሆኑትም ለዚህ ነው። በተለይ ሁለት ፍሬዎች ተጣብቀው ባደጉበት ቦታ እጩ በመካከላቸው ይገባል፣ እዚያ ደግሞ ጠብታ አይደርስም።

ይህ የቫይረስ ቤተሰብ ሰውን፣ ከብትን፣ ወፍን፣ ዓሣንም ሆነ ንብን አያሳምም። ቢሆንም የሚረጨው ፈሳሽ ከእጭ ሰውነት የተገኘ ፕሮቲን ስላለበት በትንፋሽ የገባ ጠብታ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ጓንት፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ ጭንብል ያድርጉ።

6. መድገም

በብዙ ምርቶች ላይ የሚታዘዘው ርጭቱን በየ8 ፀሐያማ ቀናት መድገም ነው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ ሙሉ ቀን ፀሐይ የዋለበት ዕለት አንድ፣ ከፊል ደመናማው ግማሽ ተብሎ ይያዛል፤ ድምሩ 8 ሲሞላ እንደገና ይረጫል። ጠብታው ከደረቀ በኋላ ካፊያ ብዙ አይጎዳውም፤ ዶፍ ከጣለ ግን ቆጠራውን ሳይጠብቁ ይድገሙ። ፍሬው ፈጥኖ በሚያብጥበት ወቅት ልጣጩ እየተለጠጠ ያልተረጨ አዲስ ገጽ ስለሚፈጠር ቆጠራውን ማሳጠር ይጠቅማል። መጠኑን ቀንሶ ቶሎ ቶሎ መርጨት፣ ምርቱ ከፈቀደ፣ አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመርጨት የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምክንያቱም ጨረሩ ብዙውንም ጥቂቱንም በእኩል ፍጥነት ይገድላልና። ርጭቱ የመጀመሪያው ትውልድ እንቁላል ተፈልፍሎ እስኪያልቅ ይቀጥላል፤ ሁለተኛ ትውልድ በሚኖርበት አካባቢ ወጥመዱ እንደገና መያዝ ሲጀምር ሒሳቡ ከዜሮ ይነሣል።

7. ውጤቱን መመርመር

ከመጨረሻው የመጀመሪያ ትውልድ ርጭት በኋላ ከ20 ዛፎች 25፣ 25 ፍሬ፣ በአጠቃላይ 500 ፍሬ ሳይቀጥፉ ይመርምሩ፤ ከነዚህም ግማሹ ከአናቱ ይሁን። ጠባሳ ያለበትን ቀጥፈው በቀጭን ቢላ ልጣጩን ይግፈፉት። ቀዳዳው ከጥቂት ሚሊሜትር ሳያልፍ ቆሞ ጠርዙ ደርቆ ከተገኘ እጩ በቫይረሱ ሞቷል፤ እስከ ዘሩ የዘለቀና ትኩስ እዳሪ ያለበት ከሆነ ግን አምልጧል። ሁለቱን በተለያየ ዓምድ ይመዝግቡ፤ ጠባሳውን ሁሉ ደምሮ “መድኃኒቱ አልሠራም” ማለት ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት ነው።

እጩ ከመሞቱ በፊት ጥቂት ቀናት መብላቱ ስለማይቀር እነዚህ ጥልቀት የሌላቸው ጠባሳዎች በቫይረስ በተረጨ ማሳ ውስጥ ይኖራሉ። ፍሬው ለጭማቂ ከሆነ አያሳስብም፤ በመልኩ የሚሸጥ ከሆነ ግን ተባዩ ለበረከተበት ማሳ ቫይረስ ብቻውን አይበቃም፣ የእሳት ራቶቹን መጋባት የሚያውክ የፌሮሞን ማከፋፈያ አብሮ መሰቀል አለበት። የቫይረሱ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው በቀጣዩ ዓመት ነው፤ ጠባሳ ጥሎ የሞተ እጭ ለክረምት ተርፎ አይራባም።

8. ተባዩ ቫይረሱን ሲቋቋም

እ.ኤ.አ. በ2005 በጀርመን አንዳንድ ማሳዎች ውስጥ ቫይረሱን የሚቋቋሙ የፖም ትሎች መገኘታቸው ታወቀ፤ ከዚያም በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተመሳሳይ ሁኔታ ተመዘገበ። የመቋቋም አቅሙ ከሺህ እጥፍ በላይ ስለነበር መጠን መጨመር ምንም አልረዳም። ለዓመታት ሲሸጡ የነበሩት ምርቶች የመነጩት ከዚያው ከሜክሲኮው ቫይረስ በመሆኑ አንዱን ትቶ ሌላ ስም ያለውን መግዛትም መፍትሔ አልሆነም። በኋላ ላይ ከሌሎች አካባቢዎች የተሰበሰቡ የቫይረስ ዝርያዎች ተመርጠው ይህን መቋቋም የሚያልፉ ምርቶች ወጥተዋል።

ስለዚህ ሲገዙ የሚያዩት የንግድ ስሙን ሳይሆን የቫይረሱን ዝርያ መለያ ይሁን፤ ዝርያዎቹንም እያፈራረቁ ይጠቀሙ። ርጭቱ በሰዓቱ ተከናውኖ፣ ማከማቻውና የውኃው ፒኤች ትክክል ሆኖ ሳለ በሕይወት ያሉ እጮች ከዘሩ አጠገብ በብዛት ከተገኙ መቋቋምን ይጠርጥሩ። ከዚያ በፊት ግን በተራ ቁጥር 2፣ 4 እና 5 የተጻፈውን በሐቀኝነት ይፈትሹ፤ አብዛኛው “መቋቋም” የሞቀ ጠርሙስ ወይም ያልተረጨ አናት ሆኖ ይገኛል።

ከቫይረሱ ጎን ለጎን የሚሠራ አንድ ርካሽ ሥራ አለ። ያደጉት እጮች ፍሬውን ትተው ድር የሚፈትሉበት ቦታ ፍለጋ በግንዱ ላይ ሲወርዱና ሲወጡ ይታያሉ። ከዚያ ጊዜ ቀደም ብሎ ውስጡ ሞገድ ሞገድ ያለው ካርቶን ግንዱ ላይ ጠቅልለው በሽቦ ወይም በገመድ ይሰሩት፤ እጮቹ በካርቶኑ ቦይ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ከምርት በኋላ ካርቶኑን ፈትተው በአንድ ዛፍ ስንት እጭ እንደተገኘ ይቁጠሩና ያቃጥሉት። ቁጥሩን ከዛፉ መለያ ጋር ይጻፉ፤ በቀጣዩ ወቅት ወጥመድ የሚበዛበትና የመጀመሪያው ርጭት የሚጀመርበት የማሳው ክፍል ከፍተኛ ቁጥር የተመዘገበበት ነው።